ስንት ሐኪም ያስፈልጋል? የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ትንበያዎች የሚስቱበት ቦታ

ሕመምተኛው ሐኪም ያጣበት፣ ሐኪሙም ሥራ ያጣበት ጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት በርካታ ጠቅላላ ሐኪሞች ረጅሙን ትምህርታቸውን ጨርሰው ምደባ እየጠበቁ ሲቀመጡ፣ በብዙ ወረዳዎች ደግሞ በሐኪም ለመታየት ሩቅ መንገድ መጓዝ የግድ ነበር፤ ዛሬም ነው። ይህን የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አድርጎ የሚያይ ካለ እንግሊዝን ይመልከት። በ2024 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሕዝቡ ከጠቅላላ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ማግኘት ከበደኝ እያለ በሚያማርርበት በዚያ አገር፣ ሥልጠናቸውን ያጠናቀቁ ጠቅላላ ሐኪሞች የሚቀጥራቸው ክሊኒክ አጥተው ነበር። ምክንያቱ ሐኪም መትረፉ አልነበረም። መንግሥት ከ2019 ጀምሮ ለክሊኒኮች የተጨማሪ ባለሙያ መቅጠሪያ ብሎ የመደበው ገንዘብ ፋርማሲስት፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፓራሜዲክና ሌሎችንም ለመቅጠር ይፈቅድ የነበረ ሲሆን ጠቅላላ ሐኪምን ግን አያካትትም ነበር፤ ክሊኒኮቹም ገንዘቡ የፈቀደላቸውን ቀጠሩ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ነው መንግሥት 82 ሚሊዮን ፓውንድ ጨምሮ በቅርብ የሠለጠኑ 1,000 ጠቅላላ ሐኪሞች በዚሁ መርሐ ግብር እንዲቀጠሩ የፈቀደው።

በሁለቱም አገሮች የባለሥልጣናቱ ግምት ተጨማሪ ሐኪሞች ያስፈልጋሉ የሚል ነበር፤ በዚህም አልተሳሳቱም። የሳቱት ሥራውን ማን ይሠራዋል፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች እንደተመለሱ ቆጥረው በማለፋቸው ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞችን የወደፊት ፍላጎት የሚተነብዩ ሰነዶች በአብዛኛው የሚወድቁት በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንደሆነ ከታች የምናያቸው የተለያዩ አገሮች ታሪኮች ያሳያሉ።

ስሌቱ ራሱ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ቀላሉና የቆየው መንገድ ሕዝብን ለሐኪም ማካፈል ነው፤ በኢትዮጵያ የጤና ውይይቶች ውስጥ ሲደጋገም የኖረው “ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም” የሚለው መለኪያ ከዚህ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2006 ለ1,000 ሰው 2.28 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች በድምሩ ያስፈልጋሉ ሲል፣ በ2016 ደግሞ ቁጥሩን ወደ 4.45 ሲያሳድግ በዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ይቆጥራል፤ በዓመት ስንት ታካሚ እንደሚመጣና አንድ ባለሙያ ስንቱን ማስተናገድ እንደሚችል አስልቶ የባለሙያውን ቁጥር ያወጣል። ሦስተኛው ደግሞ ሰዎች ዛሬ በየዕድሜያቸውና በየገቢያቸው ምን ያህል እንደሚታከሙ ወስዶ ያንኑ ወደፊት ያራዝማል፤ በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው።

ሁለተኛውን መንገድ በምሳሌ ብናየው የችግሩ ምንጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 100,000 ነዋሪ ያለው አንድ ወረዳ እናስብ። እያንዳንዱ ነዋሪ በዓመት በአማካይ አንድ ጊዜ ቢታከም 100,000 ጉብኝት ይሆናል። አንድ ሐኪም በቀን 30 ሰው እያየ በዓመት 220 ቀን ቢሠራ 6,600 ጉብኝት ያስተናግዳል። ሁሉም ታካሚ በሐኪም ይታይ ከተባለ ወረዳው 15 ሐኪሞች ያስፈልጉታል። ከአራት ታካሚዎች አንዱ ብቻ ሐኪም ዘንድ ይድረስ፣ የቀሩትን ጤና መኮንንና ነርስ ይዩአቸው ከተባለ ግን አራት ሐኪሞች ይበቃሉ። አሁን ደግሞ ነዋሪው በዓመት ሁለት ጊዜ መታከም ጀመረ እንበል፤ የመጀመሪያው መልስ ወደ 30፣ ሁለተኛው ወደ ስምንት ያድጋል። ወረዳው አንድ፣ ሕዝቡም ያው ሆኖ ሳለ መልሱ በአራትና በ30 መካከል ይዋልላል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጡት ሁለት ግምቶች ደግሞ ሒሳብ ሠሪው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሊወስናቸው የሚችላቸው አይደሉም፤ አንዱ ሙያተኞች ሥራ የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ነው፣ ሁለተኛው የሕዝቡ የመታከም ልማድና አቅም ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አንድ የአሜሪካ ጥናት በሚያስገርም ቁጥር አሳይቷል። በ2022 በወጣው በዚህ ጥናት ስሌት መሠረት 2,500 ታካሚዎች የተመዘገቡበት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም በሕክምና መመሪያዎች የተመከረውን አገልግሎት ሁሉ ለብቻው ልስጥ ቢል በቀን 26.7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ሥራውን ከነርሶች፣ ከምክር ሰጪዎችና ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሲካፈል ግን የእርሱ ድርሻ ወደ 9.3 ሰዓት ይወርዳል። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ የሚተነብይ ሰው በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዓመት ከባድ የሐኪም እጥረት ማግኘቱ አይቀርም።

ስለዚህ ጉዳይ አሜሪካን ያህል በተደጋጋሚ የተነበየ፣ በተደጋጋሚም የተገለበጠ አገር ማግኘት ያስቸግራል። በ1959 ለፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ የጤና ኃላፊ የቀረበ አንድ ሪፖርት በ1975 ወደ 40,000 የሚጠጋ የሐኪም እጥረት እንደሚኖር አስጠነቀቀ፤ መንግሥትም ከ1963 ጀምሮ በሕግ ለሕክምና ትምህርት ቤቶች ገንዘብ አፈሰሰና ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተመራቂዎች ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆነ። በ1980 ግን ለዚሁ ሥራ የተቋቋመውና ጂሜናክ በሚል አሕጽሮት የታወቀው ብሔራዊ አማካሪ ኮሚቴ በ1990 70,000፣ በ2000 ደግሞ 145,000 ትርፍ ሐኪሞች ይኖራሉ አለ። በ1994 የወጣ ሌላ ታዋቂ ትንተና ትርፉን በ2000 ወደ 165,000 አደረሰው፤ ትርፉ የሚገኘው በስፔሻሊስቶች በኩል እንደሆነና የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ግን ከፍላጎቱ ጋር እንደሚመጣጠኑም ጨመረ።

ይህ የ1994 ትንተና በደንብ ሊጤን ይገባዋል፤ ምክንያቱም ስሌቱ የተጣራ ሆኖ ሳለ መሠረቱ ነው የተናደው። ትንተናው የተነሣው የአባላቱን ሕክምና በጥብቅ ከሚቆጣጠሩ የጤና ድርጅቶች የሠራተኛ አመዳደብ ነበር። በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ታካሚው በመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሙ በኩል ካልተላከ ስፔሻሊስት አያይም፤ ስለዚህ በጥቂት ስፔሻሊስት ብዙ ሕዝብ ማስተናገድ ይቻላል። አብዛኛው አሜሪካዊ በቅርቡ በዚህ ሥርዓት ሥር ይገባል ተብሎ ታሰበ። ሕዝቡ ግን ቁጥጥሩን ጠላው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ አሠራሩ ላላ፣ የስፔሻሊስት ፍላጎትም እንደገና አሻቀበ። ትንበያው የተመሠረተበት ሁኔታ ሲጠፋ ትንበያውም አብሮ መጥፋት ነበረበት፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ሕግ ሆኖ ነበር። ኮንግረስ በ1997 የበጀት ሕግ፣ ሐኪም በዝቷል በሚለው መንፈስ፣ በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸውን የሬዚደንት (ተመርቀው በሆስፒታል ተጨማሪ ሥልጠና የሚወስዱ ሐኪሞች) ቦታዎች በ1996 መጠን ላይ ገደበ። ይህ ገደብ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠኑ የተነሣው በ2020 መጨረሻ ኮንግረስ 1,000 ቦታዎች እንዲጨመሩ በፈቀደ ጊዜ ነው፤ በዚህ መካከል የትርፍ ወሬው ቀርቶ የእጥረት ወሬ ከጀመረ 15 ዓመት አልፎት ነበር።

በ2006 የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የትምህርት ቤቶች ቅበላ በ30 በመቶ እንዲያድግ ጠይቋል። ማኅበሩ በ2024 ባወጣው ትንበያ በ2036 ከ13,500 እስከ 86,000 የሚደርስ አጠቃላይ የሐኪም እጥረት ይኖራል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ብቻ ደግሞ ከ20,200 እስከ 40,400። የመጀመሪያ ደረጃው ዝቅተኛ ግምት ከአጠቃላዩ ዝቅተኛ ግምት መብለጡ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም፤ የየዘርፉ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት የሚሰላው ለየብቻው ስለሆነ፣ አንዱ ዘርፍ ሲጎድልም ሌላው ሊተርፍ ስለሚችል እንጂ። የዜና አውታሮች ግን ከዚህ ሁሉ መሐል 86,000ን ብቻ መዝዘው ያወጣሉ። አንድ አንባቢ እንዲህ ያለ ትንበያ ሲያይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቁጥር መካከል ያለው ስፋት ከየት እንደመጣ ነው። ስፋቱ በዋናነት የሚመጣው በእነዚያው ግምቶች ነው፤ ፕራክቲሽነር ነርሶች (ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ራሳቸው የሚያክሙ ነርሶች) ምን ያህሉን ሥራ ይረከባሉ? ሐኪሞች በምን ዕድሜ ጡረታ ይወጣሉ? የሥራ ሰዓታቸውስ ምን ያህል ይቀንሳል? በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በትንሽ የሥልጠና ፕሮግራም የተጀመረው የፕራክቲሽነር ነርሶች ሙያ ዛሬ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች አሉት፤ የ1980ው ኮሚቴ ቁጥሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም።

ብሪታንያም ቀደም ብላ በዚሁ መንገድ አልፋለች። በ1957 የአገሪቱን የወደፊት የሐኪም ፍላጎት እንዲያጠና በመንግሥት የተቋቋመው የዊሊንክ ኮሚቴ ሐኪም ሊበዛ ነውና የተማሪዎች ቅበላ በአንድ አሥረኛ ገደማ ይቀነስ ብሎ መከረ። በ1960ዎቹ አገሪቱ ከሕንድና ከፓኪስታን ሐኪሞችን በገፍ ስታስመጣ ነበር።

በኢትዮጵያ ታሪኩ የተጀመረው ከሌላው ጫፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2003 የመዘገበው ቁጥር 1,936 ሐኪሞችን ብቻ ሲሆን ለ1,000 ሰው 0.03 ሐኪም ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ስለ ትርፍ ማሰብ ቀልድ ይመስል ነበር። መንግሥት ሁለት ነገሮችን በተከታታይ አደረገ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምሮ በየቀበሌው ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አሰማራ፤ ቀጥሎም የሕክምና ተማሪዎችን ቅበላ ከጥቂት መቶዎች ወደ ሦስት ሺህ ገደማ አሳደገ። በ2012 በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በሳይንስ ዘርፎች የመጀመሪያ ዲግሪ የነበራቸውን ሳይቀር እየተቀበለ አሠልጥኗል። አገሪቱን በሐኪም የማጥለቅለቅ የተባለው ይህ ፖሊሲ ሞኝነት አልነበረም። ጥቂቱን አሠልጥኖ አብዛኛው ሲሰደድ ከማየት፣ ብዙ አሠልጥኖ የቀረውም ለአገር እንዲበቃ ማድረግ ይሻላል የሚል ግልጽ ሐሳብ ነበረው፤ የትምህርቱ ጥራት በመምህርና በአስተማሪ ሆስፒታል እጥረት ሊጎዳ እንደሚችል በጊዜው የተነሣው ስጋትም ተገቢ ነበር።

ጎድሎ የነበረው የወንበሩ፣ ማለትም በጀት ያለው የሥራ መደብ ጉዳይ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በፌዴራሉ መንግሥት ሥር ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ናቸው፤ ስንት ተማሪ እንደሚገባ የሚወሰነውም ከላይ ነው። በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ የሚቀመጠውን ሐኪም ደመወዝ የሚከፍለው ግን በዋናነት የክልልና የወረዳ በጀት ነው። የወረዳ በጀት ደግሞ ከወዲሁ አብዛኛው በመምህራን፣ በጤናና በግብርና ሠራተኞች ደመወዝ የተያዘ ነው። ለዓመታት ተመራቂዎች በዕጣ ወደ ክልሎች ይመደቡ ስለነበር ሐኪም ሥራ ያጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ተመራቂው በሺዎች መቆጠር ሲጀምር ክልሎች በጀት የለንም አሉ። ትንበያው ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ሐኪም በትክክል ቆጥሮ ነበር፤ ወረዳው ሊቀጥር የሚችለውን ግን ማንም አልቆጠረውም።

የሥራ ክፍፍሉ ጥያቄም በኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች የበለጠ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናን በአብዛኛው የሚሰጡት ሐኪሞች አይደሉም። በጤና ሥርዓቱ መለኪያ መሠረት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ያገለግላል። በጤና ጣቢያው የሚያክሙት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ሲሆኑ ሐኪም በቋሚነት የሚገኘው በአብዛኛው ከሆስፒታሉ ጀምሮ ነው። ይህ አሠራር ሥሩ ጠሊቅ ነው፤ በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረው በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ከመከፈቱ አሥር ዓመት በፊት ነበር። እንግዲህ በየጤና ጣቢያው አንድ ሐኪም ይኑር የሚል አንድ የፖሊሲ ውሳኔ ብቻ ቢተላለፍ፣ ከ3,500 የሚበልጡ ጤና ጣቢያዎች ስላሉ፣ የሐኪም ፍላጎቱ በአንድ ቀን ከ3,500 በላይ ያድጋል። ውሳኔው ካልተላለፈ ያው ሕዝብ፣ ያው በሽታ ይዞ እነዚያ መደቦች የሉም። በእኔ አመለካከት በመስኩ ልምድ ያካበተ ጤና መኮንን ባለበት ጤና ጣቢያ ላይ አዲስ ተመራቂ ሐኪም መደረቡ ለታካሚው ምን እንደሚጨምር በግልጽ ሳይጠና ቁጥሩን ማሳደግ ትርፉ የደመወዝ ወጪ ነው። የቤተሰብ ሐኪም ቢሆን ግን ጉዳዩ ይለያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ዓላማው ይኸው ደረጃ ነው። ጠቅላላ ሐኪም በብዛት ሥራውን ወደ ሬዚደንሲ መሸጋገሪያ አድርጎ ስለሚያየው፣ የዛሬውን የጠቅላላ ሐኪም ቁጥር የነገ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም አድርጎ መመዝገብ ያታልላል።

የሕዝቡ ቁጥር ራሱ አከራካሪ በሆነበት አገር እነዚህ ግምቶች ይበልጥ ይለጠጣሉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ2007 ሲሆን ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተላልፏል። የተባበሩት መንግሥታት ግምትና የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም ግምት ዛሬ በ20 ሚሊዮን ገደማ ይለያያሉ። “ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም” በሚለው መለኪያ ብቻ ብንሄድ ይህ ልዩነት 2,000 ሐኪም ነው፤ በ2003 አገሪቱ ከነበሯት ሐኪሞች በሙሉ ይበልጣል።

ከዚህ ሌላ እስካሁን ድምፅ ያልነበረው ፍላጎት እየወጣ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደ መቶዎች ወረዳዎች ሲስፋፋ፣ ቀድሞ በገንዘብ እጦት እቤቱ ይቀር የነበረ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት ጀመረ። በተመሳሳይ ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም እየተስፋፉ ነው። ወባ የያዘው ሰው ታክሞ ይሄዳል፤ የደም ግፊት ያለበት ግን መድኃኒቱን ለመውሰድና ለመለካት ዕድሜ ልኩን በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይመላለሳል። የትናንቱን የጉብኝት መጠን ወስዶ ወደፊት የሚያራዝም ትንበያ ይህን ሁሉ ከግምት ውጭ ያደርጋል፤ ስለዚህ በኢትዮጵያ ሦስተኛውን መንገድ እንዳለ መቅዳት ፍላጎቱን አሳንሶ ያሳያል። ሥራውን ትቶ የሚሄደውም እንዲሁ በአንድ ቋሚ መቶኛ አይያዝም። ብር በ2024 ከተዳከመና በ2025 ሜይ ወር የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ እስከ ሥራ ማቆም ከደረሰ በኋላ፣ ለሐኪሞች መልቀቅ የቆየውን መቶኛ የሚጠቀም ሰነድ ከወዲሁ ያረጀ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚሻል አሠራር አለ ወይ ለሚል፣ ኔዘርላንድስ በ1999 ያቋቋመችው የሕክምና ሰው ኃይል አማካሪ ተቋም ሊጠቀስ ይችላል። ተቋሙ በየጥቂት ዓመታት ስንት ሠልጣኝ ጠቅላላ ሐኪም መግባት እንዳለበት ለመንግሥት ይመክራል፤ አንድ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በተለያዩ ግምቶች የተሠሩ አማራጮችን ያቀርባል፤ ሥራ ወደ ሌሎች ባለሙያዎች የሚሸጋገርበትንም መጠን በግልጽ ጽፎ ያስቀምጣል። ሆኖም ከስሌቱ ይልቅ የሚማርከው የሚያስተዳድሩት ወገኖች ማንነት ነው፤ ሐኪሞች፣ አሠልጣኝ ተቋማትና የጤና መድን ድርጅቶች በአንድነት ተወክለዋል። የሚከፍለው ወገን ቁጥሩ ሲወጣ በቦታው አለ።

ይህ በኢትዮጵያ ሲታሰብ የጤና ሚኒስቴርና የትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ሳይሆኑ የክልል የገንዘብ ቢሮዎችና የጤና መድን አገልግሎትም የቅበላው ቁጥር ሲወሰን መቀመጥ አለባቸው ማለት ነው። ውስብስብ ሞዴል ከመገንባት በፊት የሚያስፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል በየዓመቱ የሚጠበቁ ተመራቂዎች፣ በሌላው በየወረዳው በጀት የተያዘላቸው የሐኪም መደቦች ይኖሩበታል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ዘንድሮ የገባ የሕክምና ተማሪ ለሥራ የሚደርሰው ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱ ዓምዶች መራራቅ ሲጀምሩ ቅበላውን ለማስተካከል ወይም ጤና ጣቢያዎች የሐኪም መደብ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚለውን ለመወሰን ያ ጊዜ በቂ ነው።